ፖሙ አለ፣ ደረጃው የለም፦ ደብረ ብርሃን ላይ ስለሚሸጠው የእንግሊዝ አራዳ ቃላት ጥራዝ

ደብረ ብርሃን፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ መስኮት ላይ፣ «አሳይመንት እንጽፋለን፣ ሲቪ እንሠራለን» ከሚለው ማስታወቂያ ሥር፣ ቢጫ ሽፋን ያለው ቀጭን ጥራዝ ተደርድሯል። ውስጡ የእንግሊዝ አገር የጎዳና ቃላትና የኮክኒ (የምሥራቅ ለንደን ተራ ሰዎች አነጋገር) አባባሎች ከነአማርኛ ፍቺያቸው ነው። 64 ገጽ ነው፤ መጠኑ የደብተር ግማሽ፣ ጥርዙ ስፓይራል፣ ዋጋው 150 ብር። 30 ብር ለጨመረ የድምፅ ቅጂውን በቴሌግራም ይልኩለታል፤ ኔትወርክ እምቢ ካለም እዚያው በዜንደር ያሻግሩለታል። አዘጋጁ ስሙን አልጻፈበትም።

ለቸኮለ ሰው ፍርዱ ይሄ ነው። እስከ ገጽ 30 ያለው የዕለት ተዕለት ቃላት ክፍል ብቻውን 150 ብሩን ያወጣል። ከ31 እስከ 54 ያለው የኮክኒ ክፍል እንዳለ ከተወሰደ ሰው ፊት ያሳፍራል፤ እስክሪብቶ ይዞ ላረመው ግን መነሻ ይሆናል። ድምፁን ተዉት።

የኮክኒው ክፍል ችግር ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምራል። ጥራዙ አባባሎቹን በሁለት ዓምድ ነው ያስቀመጠው፤ በግራ ቃሉ፣ በቀኝ ፍቺው። «ቡቸርስ፦ ሥጋ ሻጭ፣ ማየት»። «ቻይና፦ አገር፣ ጓደኛ»። «ሎፍ፦ ዳቦ፣ ጭንቅላት»። አንባቢው ሥጋ ሻጭ ከማየት ጋር፣ ዳቦም ከጭንቅላት ጋር ምን እንዳገናኘው ስለማያውቅ እንደ ስልክ ቁጥር ይሸመድደዋል። የተሸመደደ ነገር ደግሞ በሳምንቱ ይጠፋል፤ ካልጠፋም ያለ ቦታው ይመጣል።

አሠራሩ ግን ቀላል ነው፤ አንዴ ከገባ መሸምደድ አያስፈልግም። መደበቅ የተፈለገ ቃል አለ እንበል፤ «ሉክ»፣ ማየት። ከእሱ ጋር ቤት የሚመታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቃል ያለው የታወቀ ሐረግ ይፈለጋል፤ «ቡቸርስ ሁክ»፣ ማለትም የሥጋ ሻጭ ሜንጦ። «ሁክ» ከ«ሉክ» ጋር ቤት ይመታል። ቀጥሎ ተንኮሉ ይመጣል፤ ቤት የመታው ቃል ራሱ ይቆረጥና የቀረው ብቻ ይነገራል። «ቡቸርስ» ብቻ። ቤቱን ያስመታው ቃል ስለሌለ፣ ሐረጉን ቀድሞ የማያውቅ ሰው ምንም ቢፈላሰፍ አይደርስበትም።

ሰምና ወርቅ ለለመደ አገር ይህ ባዕድ ነገር አይደለም፤ ልዩነቱን ማየት ግን ይጠቅማል። በእኛ ቅኔ ወርቁ እዚያው ሰሙ ውስጥ ነው፤ ኅብረ ቃሉን ያገኘ፣ ቃሉን አጥብቆ ወይም አላልቶ ያነበበ ያወጣዋል። በኮክኒ ግን ወርቁን የያዘው ቃል ተቆርጦ ተጥሏል። ስለዚህ ሁለት ዓምድ አይበቃም፤ ሦስተኛ ዓምድ ያስፈልጋል፣ ሙሉው ሐረግ የሚጻፍበት። ጥራዙ የጎደለው ይሄው አንድ ዓምድ ነው። በቀኝ በኩል የተተወው ባዶ ኅዳግ ሦስት ጣት ያህል ስለሚሰፋ መጻፊያ ቦታ ግን አለ።

ዓምዱን ሲሞሉ ከእነዚህ መጀመር ይሻላል። ቻይና፦ «ቻይና ፕሌት»፣ ፕሌት ከ«ሜት» (ጓደኛ) ጋር። ሎፍ፦ «ሎፍ ኦፍ ብሬድ»፣ ብሬድ ከ«ሄድ» ጋር፤ «ዩዝ ዩር ሎፍ» ማለት ጭንቅላትህን አሠራው ነው። ፖርኪስ፦ «ፖርኪ ፓይስ»፣ ከ«ላይስ» ጋር፣ ውሸት። ባርኔት፦ «ባርኔት ፌር»፣ ከለንደን በስተሰሜን በሚገኘው በባርኔት የሚቆም የታወቀ የፈረስ ገበያ ነበር፤ ፌር ከ«ሄር» ጋር፣ ጠጉር። ዊስል፦ «ዊስል ኤንድ ፍሉት»፣ ከ«ሱት» ጋር፣ ሙሉ ልብስ። ሩቢ፦ «ሩቢ መሪ»፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዝነኛ የነበረች የቤልፋስት ዘፋኝ ናት፤ መሪ ከ«ከሪ» ጋር፣ የሕንድ ወጥ። ቶድ፦ «ቶድ ስሎን»፣ አሜሪካዊ የፈረስ ጋላቢ፤ ስሎን ከ«ኦን» ጋር፤ «ኦን ዩር ቶድ» ማለት ብቻህን።

አስጎብኚ ለሆነ ሰው ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ጓሳ ላይ ጭላዳ ሊያዩ የመጡ አንድ የለንደን ሽማግሌ መነጽራቸውን እያወጡ «ሌትስ ሃቭ ኧ ቡቸርስ» ቢሉ፣ እስቲ እንይ ማለታቸው ነው። ጥራዙን ብቻ የተማመነ ልጅ መሐል ሜዳ ከተማ ያለውን ሥጋ ቤት በዓይነ ሕሊናው እየፈለገ ይቀራል። ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይም እንዲሁ ነው። ከአንኮበር መንገድ የተመለሰ እንግዳ ሆዱን እያሸ «አይም ሃንክ ማርቪን» ካለ ስሙ አይደለም፤ መዝገቡ ላይ አትፈልጉት። ሃንክ ማርቪን ጊታር ተጫዋች ነው፤ ማርቪን ከ«ስታርቪን» ጋር ቤት ይመታል፤ ሰውየው በረሃብ ሞቻለሁ እያለ ነው። ጥራዙ ይህን «የሰው ስም» ብሎ ነው ያለፈው!

ሁሉም አይቆረጥም፤ ይህንንም ጥራዙ አይነግርም። «ብራውን ብሬድ» ከ«ዴድ» ጋር ቤት መትቶ የሞተ ማለት ነው፤ ሁልጊዜ በሙሉ ይባላል። «ሂ ኢዝ ብራውን» ቢባል የቆዳ ቀለም እንጂ መርዶ አይሆንም። «ቲ ሊፍ» (ሌባ፣ «ቲፍ» ከሚለው ጋር)፣ «አዳም ኤንድ ኢቭ» (ማመን፣ ከ«ቢሊቭ» ጋር)፣ «ፒት ቶንግ» (የተበላሸ ነገር፣ ከ«ሮንግ» ጋር፤ ሰውየው የሙዚቃ አጫዋች ነው) እነዚህም በሙሉ ነው የሚነገሩት። «ዶግ ኤንድ ቦን» ከ«ፎን» ጋር ነው፤ በሙሉም ይባላል፣ «ዶግ» ብቻ የሚልም አለ። አንባቢ በራሱ ሥልጣን መቁረጥ የለበትም። ኅዳጉ ላይ ለሚቆረጠው «ቁ»፣ ለማይቆረጠው «ሙ» ብሎ ምልክት ማድረግ ይበቃል።

ስለ ድምፁ። ቅጂው ስልክ ላይ ጽሑፍ አንባቢ በሆነ የአሜሪካ ድምፅ የተሠራ ነው፤ ሴትዮዋ አይደክማትም፣ ግን ቤት አትመታም። ኮክኒ የተሠራው በለንደን አፍ ነው። የአሥር ፓውንድ ኖት «ቴነር» ይባላል፤ የአራዳ ስሙ ደግሞ «ኤርተን ሴና»፣ ብራዚላዊው የመኪና ተወዳዳሪ። ለንደን ላይ የቃል መጨረሻ «ር» አይሰማም፤ «ቴና» ነው የሚባለው፣ ስለዚህ ከ«ሴና» ጋር ቁልጭ ብሎ ይገጥማል። አሜሪካዊቱ «ቴነርር» ስትል ግጥሙ ይፈርሳል። ለአምስት ፓውንዱ «ሌዲ ጎዳይቫ» እና «ፋይቫ»ም ያው ነው።

የሚገርመው፣ ለዚህ ሥራ ፊደላችን ከላቲኑ ይሻላል፤ አዘጋጁ ግን አልተጠቀመበትም። የእንግሊዝኛውን ፊደል እያየ ነው በግዕዝ የገለበጠው፣ የተሰማውን አይደለም። ኮክኒ «ህ»ን ከቃል መጀመሪያ ይጥላል፤ መዶሻ (ሃመር) «አማ» ነው። በጥርስና በምላስ መካከል የሚወጣውን ድምፅ ወደ «ፍ»ና «ቭ» ይለውጠዋል፤ ማሰብ «ፊንክ»፣ ወንድም «ብራቫ»፣ አፍ «ማፍ» ይሆናል። በሁለት አናባቢ መካከል ያለው «ት» ጉሮሮ ውስጥ ይዋጣል፤ «ዋተር» ሲባል «ዎ» ብሎ ቆም፣ ከዚያ «አ»። በቃል መጨረሻና ከተናባቢ በፊት ያለው «ል» ወደ «ው» ይጠጋል፤ ወተት «ሚውክ» ይሆናል። እነዚህ አራት ነጥቦች ገጽ 31 ላይ በአራት መስመር ተጽፈው ቢሆን ኖሮ 30 ብር የሚከፈልበት ድምፅ ባላስፈለገ።

የታሪኩ ገጽ ሁለት ስህተት አለው። አንደኛው፣ ኮክኒ ማለት «ቦው በሚባል ሰፈር የተወለደ» ይላል። አባባሉ የሚለው የቦውን ደወል ድምፅ እየሰማ የተወለደ ነው፤ ደወሉ ያለው ደግሞ ቦው ሰፈር ሳይሆን መሐል ከተማው ውስጥ፣ ቺፕሳይድ በሚባል ጎዳና ላይ ባለው በቅድስት ማርያም ለ ቦው ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ እ.ኤ.አ. በ1941 በጀርመን ቦምብ ተመትቶ ደወሎቹ ዳግመኛ የተደወሉት በ1961 ነው። አባባሉን አጥብቆ የሚይዝ ሰው በእነዚያ ዓመታት ኮክኒ አልተወለደም ሊል ነው። ሁለተኛው፣ ቋንቋውን ሌቦች ከፖሊስ ለመደበቅ እንደፈጠሩት ያለቀለት ነገር አድርጎ ይጽፋል። ጆን ካምደን ሆተን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው የአራዳ ቃላት መዝገብ ውስጥ ይህን ንግግር ከሁሉ በላይ ያያያዘው ጎዳና ላይ ግጥምና ወሬ እየጮኹ ከሚሸጡ ሰዎች ጋር ነው፤ የሌቦቹ ታሪክ ከብዙ ግምቶች አንዱ ነው። ሆተን እንደሚለው ከሆነ ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ነው። ለእኛ አካባቢ ሰው ዘመኑን ለማሰብ ይቀላል፤ የእንግሊዝ መልእክተኛው ካፒቴን ሃሪስ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ሊዋዋል ወደ አንኮበርና አንጎለላ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1841 ነው። በዚያው ዘመን አካባቢ ነው ለንደን ደረጃን «ፖምና ፒር» ማለት የጀመረችው፤ «አፕልስ ኤንድ ፔርስ» ከ«ስቴርስ» ጋር። የጥራዙም ሽፋን ላይ የተሣለው ፖም ነው፤ ደረጃ ግን አልተሣለም፣ ውስጡም አልተነገረም።

አሁን ወደ ጥሩው ክፍል። የገንዘቡ ገጽ (ገጽ 9) በጣም ይጠቅማል። «ክዊድ» ፓውንድ ነው፤ ብዙ ቢሆንም የብዛት ምልክት አይጨመርበትም፣ «ቴን ክዊድ» ነው። አዘጋጁ ይህን ያስረዳበት መንገድ ግሩም ነው፦ እኛም «አሥር ብር» እንጂ «አሥር ብሮች» አንልም ይላል። አንዴ ያነበበው አይረሳውም። «ግራንድ» 1,000 ነው፤ ትክክል። «ፖኒ» 25 ፓውንድ፤ ትክክል። «መንኪ» ላይ ግን 50 ብሎ ጽፏል፤ 500 ነው፣ አንድ ዜሮ ጨምሩበት። «ቦብ»ንም አሁን እንደሚሠራ ገንዘብ ቆጥሮታል። ቦብ ሺሊንግ ነበር፤ 20ው አንድ ፓውንድ የሚሞላ፤ እንግሊዞች ገንዘባቸውን እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ መቶኛ ቁጥር ሲለውጡ ከሒሳብ ወጥቷል። አሁን የሚሰማው በሽማግሌዎች አፍና በአባባል ውስጥ ነው።

ገጽ 12 እና 13 የጥራዙ ምርጥ ገጾች ናቸው፤ ቃሉን በመዝገበ ቃላት አማርኛ ሳይሆን በእኛው አራዳ አማርኛ ስለፈቱት። «ስኪንት» ችስታ። «ቴኪንግ ዘ ሚኪ» ሙድ መያዝ። «ናፍ» ቀሽም። «ዶጂ» የማያስተማምን፤ ለሰውም፣ ለወንበርም፣ ለሆድ ዕቃም ይሆናል። «ገተድ» ቅስሙ የተሰበረ፤ «ቸፍድ» ደስ ያለው። ቸፍድን ከፊቱ ጨፍገግ ያለ ነገር መስሏቸው የሚገለብጡት ብዙ ናቸው፤ ጥራዙ በትክክል ነው የያዘው። «ናከርድ» ለሚለው «ዝሎ ያለቀ» ብሎ መነሻውንም ጨምሯል፦ ናከር ማለት ለሥራ የማይሆን ፈረስ ገዝቶ የሚያርድ ሰው ነው። በቅሎና ፈረስ ሲያረጅ ያየ የመንዝ አንባቢ ቃሉ ምን ያህል እንደሚከብድ ወዲያው ይገባዋል። አንድ ነገር ቢጨመርበት፦ ቃሉ ከአለቃ ጋር ለሚደረግ ንግግር አይሆንም።

ሰላምታው ላይም ጎበዝ ነው። አንድ እንግሊዛዊ እያለፈ «ኦልራይት?» ካለ ጥያቄ አልጠየቀም። እኛ ዘንድ ሰላምታ ሰው ቤት እንደመግባት ነው፤ ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ አዝመራው ተጠይቆ ነው የሚያበቃው። እዚያ ግን መልሱ ያው ቃል ነው፤ «ኦልራይት»፣ ከዚያ መንገድ መቀጠል። ጉንፋኑን ለመዘርዘር የሚቆም ሰው ግራ ያጋባል። «ቺርስ»ም ብርጭቆ ሲያጋጩ ብቻ ሳይሆን አመሰግናለሁም፣ ደህና ሁንም ነው።

የአሜሪካው እንግሊዝኛ ሾልኮ የገባባቸው ቦታዎች አሉ። «ፒስድ» የሚለውን «የተናደደ» ብሎታል፤ ያ የአሜሪካ ነው፤ እንግሊዝ ሲለው የሰከረ ማለቱ ነው፣ በሁለቱም አገር ብልግና ነክ ነው። «ፓንትስ» ሱሪ ተብሏል፤ እንግሊዝ አገር የውስጥ ሱሪ ነው። «ቺፕስ» እዚያ እንደ እኛው የተጠበሰ ድንች ነው፤ በፌስታል የታሸገው ስስ ድንች «ክሪስፕስ» ይባላል። «ፑዲንግ» ከምግብ በኋላ የሚቀርብ ማንኛውም ጣፋጭ ሊሆን ይችላል።

ገጽ 44 እና 45 ግን ለሥራ ቦታ አደገኛ ናቸው። «ሴፕቲክ፦ አሜሪካዊ» ይላል፣ ልክ እንደ ዜግነት መጠሪያ። ሙሉው «ሴፕቲክ ታንክ» ነው፤ ከ«ያንክ» ጋር ቤት የመታው የመጸዳጃ ጉድጓድ ነው። ይህን ቃል ለአሜሪካዊ እንግዳ የተናገረ አስተናጋጅ ጉርሻውን ብቻ አይደለም የሚያጣ። «በርክ፦ ሞኝ» ይላል፤ በአፍ ላይ ቀላል ስድብ ነው፣ ብዙ እንግሊዞችም መነሻውን ሳያውቁ ይሉታል፤ የተቆረጠው ቃል ቤት የሚመታው ግን እዚህ ሊጻፍ ከማይችል ነውር ጋር ነው። «ኮብለርስ»ም (ከንቱ ወሬ) ከወንድ አካል ተነሥቷል። «ትራብል» ለሚስት መባሉ ከ«ትራብል ኤንድ ስትራይፍ» ነው፤ ባልየው ስለ ራሱ ሚስት ሊቀልድ ይችላል፣ ሌላ ሰው ግን «ትራብልህ ደህና ናት ወይ» ብሎ አይጠይቅም። እነዚህን አራቱን በቀይ እስክሪብቶ ክበቡ፤ ሲነገሩ ለመረዳት እንጂ ለመናገር አይደሉም።

ደግሞ በቀይ የማይከበቡ፣ ግን የደረቁ አሉ። ጥራዙ ከ110 በላይ አባባል ሰብስቧል፤ አብዛኛው ዛሬ የሚባለው ለቀልድ ወይም ለቱሪስት ነው። «አፕልስ ኤንድ ፔርስ» ራሱ፣ ከሁሉ የታወቀው፣ ደረጃ ሲወጣ ማንም አይለውም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ጥቂት የገንዘብ ማውጫ ማሽኖች ኮክኒን እንደ ቋንቋ ምርጫ አቅርበው ነበር፤ ጥሬ ገንዘቡን «ሶሴጅ ኤንድ ማሽ»፣ የምስጢር ቁጥሩን «ሃክልቤሪ ፊን» ይሉ ነበር። ቋንቋው ባንክ ላይ መሣቂያ ለመሆን መብቃቱ፣ ከመንገድ ላይ ምን ያህል እንደራቀ ያሳያል። በሕይወት ያሉት ጥቂት ናቸው፣ እነሱም ከለንደን ወጥተው የመላው እንግሊዝ ቃል ሆነዋል፦ ቡቸርስ፣ ሎፍ፣ ፖርኪስ፣ ባርኔት፣ ቶድ፣ ሩቢ። ጊዜ ያጠረው ሰው እነዚህን ስድስት ይያዝ፤ የቀረውን ሲሰማ ጥራዙን ይግለጥ።

ለንደን ዘመድ ያለው፣ ከአጎት ልጅ ጋር በቴሌግራም የሚያወራ ወጣት ደግሞ ሌላ ነገር ነው የሚፈልገው። የዛሬው የምሥራቅ ለንደን ልጅ የሚናገረው ከጃማይካና ከሌሎች ስደተኞች ቋንቋ ጋር የተዋሐደ እንግሊዝኛ ነው፦ «ዋግዋን» (ምን አዲስ)፣ «ብራቭ» (ወንድሜ)፣ «ኤንድስ» (ሰፈር)፣ «ፔንግ» (ቆንጆ)፣ «ቤር» (ብዙ፣ «ባዶ» አይደለም)፣ «ኢኒት» (አይደል?)። ጥራዙ ይህን አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ሰጥቶ፣ ለሞተው ቋንቋ 24 ገጽ ማባከኑ ትልቁ ድክመቱ ነው።

ስለ ጥርዙም አንድ ሁለት ነገር። የሚሸጠው የቅጂ ቅጂ ስለሆነ ገጽ 37 እና 38 ላይ የግራ ዓምዱ ፈዟል፤ የስፓይራሉ ቀዳዳም ገጽ 50 ላይ የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል በልቶታል። ቀለሙ እጅ ላይ ይቀራል፤ በእርሳስ ተጽፎ ሲታጠፍ ይበላሻል፣ ስለዚህ ኅዳጉን በእስክሪብቶ ሙሉ። ያለ ስፓይራል፣ በስቴፕለር የተመታው 110 ብር ነው፤ ለሚታረም መጽሐፍ እሱ ይሻላል፣ ጠፍጥፎ ይዘረጋል። ብር ከመክፈላችሁ በፊት መስኮቱ ላይ ቆማችሁ ገጽ 41ን ግለጡ፤ አንዳንዱ ቅጂ ላይ ተገልብጦ ነው የገባው። ለሚሸጠው ልጅ አሳዩት፣ ያለ ክርክር ሌላ ያወጣላችኋል።